የያርጋል ወገብ ከአስር ስንት?

ባሌ ያርጋል ውሸታም ሰው አይደለም። ይኸን አስቀድሜ ልናገርለት፤ ኋላ ውዱ ባሏን በአደባባይ ሰደበች እንዳትሉኝ። የሰው ገንዘብ አይነካም፣ ያላየውን አየሁ አይልም፣ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ቃሉን የማያምን ሰው የለም። ስለ ወገቡ የተጠየቀ እንደሆነ ግን፣ ወላዲተ አምላክ ይቅር ትበለው፣ እንደ እሱ ያለ ቀጣፊ የሰሜን ተራራ አላበቀለም።

የተወለደው አምባራስ ነው፤ ብርዱ ጥርስ የሚያራግፍበት አገር። ጎረምሳ ሳለ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫነ ተራራውን ሲወጣ ሲወርድ ኖረ። እኔን ያገኘኝም ያኔ ነው። ድብ ባሕር፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ የተቀቀለ ድንች እሸጥ ነበር። ሦስት ድንች በላና አራተኛውን «ለበቅሎዬ» ብሎ ይዞ ሄደ። በኋላ ሳጣራ በቅሎዋ ያን ቀን አምባራስ ነበረች። እሺ፣ ያቺ አንዲት ውሸት ትቆጠርበት።

በቅሎዋ ስትሞት ደባርቅ ወርዶ ጫኝና አውራጅ ሆነ። «ሟቿን ተክተህ ገባህ» እያልሁ አበሽቀዋለሁ። ቀልዱ ሲያበቃ ግን አንጀቴን ይበላኛል። በቅሎዋ እኮ ልክ ነበራት፤ ከዚህ ኪሎ በላይ አትጫንም ተብሎ ይመዘንላት ነበር። ያርጋልን ማንም አልመዘነለትም። መቶ ኪሎ ገብስ ጀርባው ላይ ይጥሉና «ቀጥል!» ነው። ይኸው ዕድሜው ሃምሳ አልፎታል፣ እስካሁን «ቀጥል!» ነው።

እኔ ከነጋዴው ከጠይብ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጣል ባደረግሁባት ቤት ሻይና ዳቦ እሸጣለሁ። ጫኝና አውራጆቹ አስራ አራት ናቸው፤ አስራ አራቱም ደንበኞቼ፣ አስራ አራቱም ጉረኞች። ከሸክም ሥር ሆኖ «እህ» ያለ ሰው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል የሚል ደንብ አላቸው። እኔ ደንቡን ስሰማ ገበያዬ ተነሣልኝ ብዬ ተጨማሪ ብርጭቆ ገዝቼ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ዓይናቸው ሊፈርጥ ይደርሳል እንጂ አንዳቸውም «እህ» አይሉም። ብርጭቆዎቹ እስከ ዛሬ ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው።

ሌላም ደንብ አላቸው፤ እሱ ግን አያስቅም። ሙሉ ኩንታል ያልተሸከመ ተራ የለውም። መልከ ጼዴቅ የሚባል እንደ ዋርካ የገዘፈ ሰው ነበራቸው። ጉልበቱ ተበላሸና አንድ ቀን መንገድ ላይ ኩንታሉን አወረደ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ገዱ የተራ ዝርዝሩን አወጣ፣ ስሙን ሰረዘ፣ አበቃ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው አሁን ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። ገዱ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፊቱ አይፈታም፤ እኛ ቤት የሱ ስም ሲነሣ ድምፃችን ይቀንሳል።

ያርጋል ካቻምና ክረምት በዝናብ ከመኪናው ሳንቃ ላይ ተንሸራተተ። ኩንታሉን አልለቀቀም፣ ወገቡ ግን ለቀቀ። ማታ እያሸሁት ሳለ እጄን ያዘና «ውዱ፣ በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ገዱ ከሰማ መልከ ጼዴቅን ነው የምሆነው» አለኝ። ማልሁለት። ምን ላድርግ? ሰው ያለ ሥራው ቁጭ ሲል እንዴት እንደሚሞት መልከ ጼዴቅ ደጃፍ ላይ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህማ የሠራውን ቲያትር አትጠይቁኝ። ጠዋት ጠዋት ወገቡን በመቀነት እተበትበዋለሁ፣ ከላይ ሸሚዙን ይለብሳል። ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ «ቁጭ ማለት ሰው ያሰንፋል» ይላል። ሳንቲም ከወደቀበት ጎንበስ ማለት ስለማይችል «ለምስኪን ይሁን» ብሎ ያልፋል፤ በዚህ የተነሣ ቸር የሚል ስም አወጡለት! ስቅለት ዕለት ደግሞ ስግደቱን የሚያውቀው ሰው እንዳያይበት ብሎ እስከ ደረስጌ ማርያም ሄዷል። እዚያም ሄዶ አልሰገደም። ቆሞ ዋለ።

ደግነቱ ዕድል ረድቶታል፤ እኛ እንደዚያ ነበር የሚመስለን። ጌሾ የጫነ መኪና ሲመጣ እንዳጋጣሚ ተራው የሱ ይሆናል፤ ጌሾ ደግሞ ቅጠል ነው፣ አይከብድም። ገብስ ሲመጣ «ያርጋል፣ አንተ ቁጠር፣ እኛ ቁጥር ይምታታብናል» ይሉታል። «ይቺ ኪዳነምሕረት አልተወችኝም» እያለ በየወሩ ጧፍ ያስገባል።

እንዲህ እያለን ባለፈው ግንቦት ሃና መጣች። የዳባት ልጅ ናት፤ ጥናት የሚያጠና ቢሮ ቀጥሯት ታብሌት ይዛ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁሉንም «ጋሼ» የምትል። ሰዎቹን ሻይ ቤቴ ሰበሰበችና «ሥራችሁ ሰውነታችሁን ምን ያህል እንደሚጎዳ ልጠይቃችሁ ነው» አለች። «ዜሮ ማለት ምንም አይከብደኝም፣ አስር ማለት ከዚህ በላይ ሊከብድ አይችልም። ከዚያ ደግሞ የሚያምዎትን ቦታ ሥዕሉ ላይ ያሳዩኛል።» ሥዕሉ ራቁቱን የቆመ፣ ፊት የሌለው ሰውዬ ነው።

«ይኸን ምስኪን ደሞ ማን ገፈፈው?» አለ ከአስራ አራቱ አንዱ፣ አለነ። አለነ ነገር ካላጣመመ ሻዩ አይወርድለትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ ሰው ሲጨምር ታይቶ አይታወቅም። ሲቀንስ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ አስራ አራቱም በአንድ ጊዜ፣ ሳይነጋገሩ፣ ይቺ ልጅ ደካማውን ለቅማ ልታስወጣ ነው ብለው ደመደሙ። እሷ ስታስረዳ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሆዳቸው ግን ዘግቶታል።

«ጋሽ ገዱ፣ ሥራው ከአስር ስንት ይከብድዎታል?»

«ዜሮ።»

«ጋሽ አለነ?»

«ዜሮ።»

«ጋሽ አንዱዓለም?»

«ከዜሮ በታች የለሽም?»

ያርጋል ዘንድ ስትደርስ ብርጭቆውን ይዞ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መቀነቱን የዚያን ጠዋት ሁለት ዙር ነበር ያሰርሁለት። «እኔን እንኳ የሚያመኝ» አለ ጢሙን እየዳበሰ፣ «ሳልሸከም የዋልሁ ቀን ነው።» ሁሉም ሳቀ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ አጠብሁ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ልጅቱ ቁጭ ብላ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እትዬ ውዱ፣ አስራ አራት ሰው፣ አስራ አራት ዜሮ! አለቃዬ ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሞላሽው ነው የሚለኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ይኸ አፌ ጣጣ ያመጣብኝ። አሳዘነችኝ፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያን ጉረኞች አንድ ጊዜ ጉድ ላድርጋቸው የሚል ሰይጣን ሹክ አለኝ። «አይ ልጄ!» አልሁ፣ «ወንድ ልጅን ስለ ራሱ ትጠይቂዋለሽ እንዴ? ስለ ጓደኛው ጠይቂው! አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው፣ መጋዘኑ ጓሮ ወስደሽ። ከዚያ ጣትሽ እስኪደክም ትጽፊያለሽ።»

አለቃዋን ደውላ አስፈቀደች። በነጋታው ጓሮ ሁለት በርጩማ አኖረች፤ አንድ ሰው ይገባል፣ ስለ አስራ ሦስቱ ይጠየቃል፣ ይወጣል። እኔም ብርጭቆ ልሰበስብ ብዬ በአጥሩ በኩል ማለፍ አበዛሁ። ምን ያህል ብርጭቆ ጓሮ ሊኖር ይችላል አትበሉኝ፤ እለፉኝ።

ኧረ ምኑ ቅጡ! አንዱዓለም ገብቶ «ገዱ? ሊቀመንበር ነኝ ይላል እንጂ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር ነው የሚጮኸው። ዘጠኝ በይው» ይላል። ገዱ ገብቶ «የአንዱዓለም ቀኝ ትከሻ ወጥቶ ነው የቀረ፣ ሸሚዝ የምታለብሰው ሚስቱ ናት። አስር!» ይላል። አለነ የሁሉንም አንገት፣ የሁሉንም ቁርጭምጭሚት ዘከዘከ፤ የተጠየቀው ሲያልቅ ያልተጠየቀውን ቀጠለ፤ ሃና ያን የተገፈፈ ሰውዬ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ በቀይ ሞላችው። ሁሉም ሲወጣ «እኔን አይመለከተኝም፣ ግን ለሱው ብዬ ነው» ይላል። እኔ በሳቅ ሆዴን ይዤ አጥሩን ተደገፍሁ።

ሳቄ መሐል ነው ድንገት የገባኝ። ያርጋልስ? እነዚህ ሁሉ ስለ ያርጋልም ሊጠየቁ አይደል? አንድ ነገር የሸተተው ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ሲያነክስ ያየው ካለ፣ ይኸው አሁን ጓሮ ገብቶ እያራገፈው ነው። በአፌ አልተናገርሁም፣ መሐላዬን አላፈረስሁም፤ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ ባሌን በእጄ አሳልፌ ሰጠሁት። ያን ቀን ሁለት ብርጭቆ ሰበርሁ፣ ዳቦ አሳረርሁ። ያርጋል «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ራሴን አሞኛል» አልሁት። ምን ልበለው?

በሦስተኛው ቀን ሃና ፊቷ በርቶ መጣች። «እትዬ ውዱ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ምን ተገኘ?»

«የሁሉም ሰው ውጤት ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር ነው። ጋሽ ያርጋል ብቻ ዜሮ! አስራ ሦስቱንም ጠየቅኋቸው፤ አስራ ሦስቱም 'እሱ ምንም አይለው' ነው ያሉኝ።»

«እንዳለው የሚባለውም?» አልኋት። እንዳለው ጆንያውን ሁልጊዜ ያርጋል ጀርባ ላይ የሚያነሣለት ነው፤ ወገቡ ሲንቀጠቀጥ እጁ ላይ የሚሰማው ሰው ነው።

«ጋሽ እንዳለውማ 'ያርጋል ሰው አይደለም፣ ብረት ነው' ብለውኛል።»

ቁጭ አልሁ። ያ አለነ፣ የእናቱን ምስጢር የማይቋጥር አለነ፣ ስለ ያርጋል ዜሮ አለ? የሰው ጉድ እንደዚያ ሲያዘንቡ የዋሉ ሰዎች፣ ባሌ ዘንድ ሲደርሱ አስራ ሦስት አፍ በአንድ ጊዜ የተዘጋው በምንድን ነው? አውቀው ነዋ! ሁሉም ያውቃሉ። ዕንባዬ መጣ፤ ሃና በደስታ መሰላት።

«ገና ምኑን አይተው!» አለች። «አለቃዬ በጣም ተገርሟል። ማክሰኞ ካሜራ ይዘን እንመጣለን። ጋሽ ያርጋል ሙሉ ኩንታል ሲሸከሙ እንቀርጻቸዋለን፤ በየከተማው ያለ ጫኝና አውራጅ ከእሳቸው አነሣስ እንዲማር!»

ሞት ይርሳኝ፣ ማማሰያዬን እንደያዝሁ ወጣሁ።

ያርጋልን መጋዘኑ ጥግ ወስጄ ነገርሁት። መጀመሪያ ዜሮውን ስነግረው ደረቱን ነፋ። «አየሽ? አንድም የጠረጠረ የለም! አንቺ 'ያስታውቅብሃል' ትይኝ ነበር» አለኝ። በያዝሁት ማማሰያ ልለው ምንም አልቀረኝ። ማክሰኞን ስነግረው ግን መቀነቱን በሸሚዙ ላይ ዳሰሰ።

«እሸከማለሁ» አለ።

«ሙሉ ኩንታል? ትሰበራለህ፣ ያርጋል!»

«እምቢ ካልሁ ነገ ስሜ ይሰረዛል። ከተሸከምሁ ግን ምናልባት አልሰበርም።»

ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስሁበት፤ ወይ ፍንክች! ጓደኞቹ እንደሚያውቁ ልነግረው አፌ ላይ ደረሰና መልሼ ዋጥሁት። ያን ሁሉ ቲያትር ለባዶ እንደሠራው ቢሰማ ከወገቡ ይልቅ ያ ይጥለዋል ብዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ ደረሰ። ሃና መጣች፤ አለቃዋ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመ። አስራ ሦስቱ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ የአንዳቸውም ፊት አይስቅም፣ ቀብር የመጡ ነው የሚመስሉት። ጆንያው መሐል ላይ ተገትሯል፣ ጢም ያለ ነው። ያርጋል ከፊቱ በርከክ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነው። እኔ ነጠላዬን ነክሻለሁ።

እንዳለውና አለነ ጆንያውን ያዙ። አነሣሣቸውን ብታዩ! ደም ሥራቸው ተገታተረ፣ እግራቸው ተብረከረከ፣ አለነማ «እህ! እህህ!» አለ፤ ያ ሁሉ ዘመን ሲዋጥ የኖረ «እህ» የወጣው ያን ቀን ነው። አንዱዓለም ያልወጣውን ላብ ከግንባሩ ጠረገ። ጆንያው ጀርባው ላይ አረፈ። ያርጋል ዓይኑን ጨፈነ፣ ያለውን ኃይል ሁሉ ሰብስቦ ብድግ ሲል፣ ኧረ ወዲያ! ከመሬት ተስፈነጠረ፣ ባርኔጣው በረረ።

«በጣም ጥሩ!» አለ የሃና አለቃ። «ጉልበታቸውን ልብ በሉ! እንዲህ ነው መነሣት!»

ያርጋል ሁለት እርምጃ ሄደ። ዓይኑን ከፈተ። አስራ ሦስቱ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ የጆንያውን አፍ አየሁ፤ ሁለቴ ታጥፎ በቀይ ሲባጎ የተሰፋ፣ ጫፉ ላይ ድርብ ቋጠሮ። ያን ቋጠሮ ደባርቅ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቋጥረው፤ ገዱ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ድምፃችንን ቀንሰን ስሙን የምንጠራው ገዱ።

መኪናው አምስት እርምጃ ነው የቀረው። ሄዶ ቢያራግፈው ዜሮው ዜሮ ሆኖ፣ ተራው ተራው ሆኖ ያልፍ ነበር። ያርጋል ግን ቆመ። ጆንያውን ራሱ አወረደና ሃናን «ልጄ፣ ካሜራው አይጥፋ» አላት። ቋጠሮውን ፈትቶ እጁን ሰደደ። ከላይ አንድ እፍኝ ገብስ ነበር፤ ከሥሩ እስከ ታች ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ።

«ካቻምና ነው የተሰበርሁት» አለ። «ከዚያ ወዲህ ሙሉ ኩንታል አልተሸከምሁም። እነዚህ ሌቦች ጌሾ ጌሾውን ሲሰጡኝ፣ ገብስ ሲመጣ ቁጠር ሲሉኝ፣ እኔ ሞኙ ተአምር መስሎኝ ጧፍ አስገባለሁ!»

«አንተ ደረቅ!» ብሎ ጮኸ ገዱ። «ጠዋቱን ሙሉ የለፋሁበትን! ዝም ብለህ ብትወጣው ምን ነበረበት?»

«አንተ ትሰርዘኛለህ ብዬ እኮ ነው፣ ገዱ።»

ገዱ ጎንበስ ብሎ የተፈታውን ሲባጎ አነሣ። «መልከ ጼዴቅን የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደጁ ማለፍ አፍሬ በገበያው ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። ሁለተኛ ሰው አልሰርዝም። ተራህ ተራህ ነው፤ ከነገ ጀምሮ አንተ የጆንያ አፍ ትሰፋለህ፣ እኛ እንሸከማለን።»

«እንግዲያስ እውነቱ ይጻፍ» አለ ያርጋል። «ዜሮ ዜሮ እያልን ነው መልከ ጼዴቅን የጣልነው።»

ሃና ታብሌቷ ላይ ያን የተገፈፈ ሰውዬ አወጣች። ያርጋል ወገቡን ነካ፤ ዘጠኝ አለ። ትከሻውን ነካ፤ ሰባት አለ። ማንም አልቀለደም፤ አለነ እንኳ። ከዚያ ጣቱ ወደ ታች ወረደና ግራ እግሩ ላይ ቆመ።

«ይኸስ ምን ያህል ያምዎታል፣ ጋሼ?»

«እሱ አያምም። ከጥምቀት ወዲህ ጭራሽ አይሰማኝም።»

«ከአስር ስንት ልበለው ታዲያ?»

«እንጃ ልጄ። ውዱን ጠይቂያት፤ ስለ እኔ የምታውቀው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ካሜራውም ዞረ። ያን እግር በየማለዳው ሸራ ጫማ የማጫማው እኔ ነኝ። ማሰሪያውን ስስበው «አጠበቅሁብህ እንዴ?» እለዋለሁ፤ «ኧረ ምንም አልተሰማኝ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዱ ዋሸኝ ብዬ በሆዴ እስቃለሁ። ለካ እውነቱን ነበር። ሃና ታብሌቷን ይዛ ትጠብቀኛለች፣ እኔ አፌ የማያርፈው ሴትዮ የምነግራት ቁጥር አጣሁ።